ስጋቱ የልጁ ነው ወይስ የክለቡ?

*የአውስትራሊያ እግር ኳስ ክለቦች በየዓመቱ ኅዳር ላይ የ18 ዓመት ልጆችን ይመርጣሉ። ጉልበታቸውን፣ ፍጥነታቸውን፣ ጠባያቸውንና ቤተሰባቸውን ያጠናሉ። ከአደጋዎቹ ትልቁ ግን በጥናቱ መዝገብ ውስጥ አይገኝም።*

ኅዳር ላይ በአንዱ ምሽት፣ በሜልቦርን ወደብ አካባቢ በሚገኘው ማርቭል ስታዲየም፣ ሱፍ የለበሱ ጎረምሶች ከእናት ከአባታቸው ጋር ተቀምጠው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ብዙዎቹ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ገና መውጣታቸው ነው። ስም ሲጠራ ቤተሰቡ ተነሥቶ ይተቃቀፋል፤ ልጁ ወደ መድረክ ወጥቶ የክለቡን ማልያ ይቀበላል፤ ካሜራውም ከፊቱ ላይ አይነሣም። የየትኛውን ከተማ ማልያ እንደሚለብስ ግን የወሰነው እሱ አይደለም። ሜልቦርን ተወልዶ ያደገ ልጅ 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ፐርዝ ሊጠራ ይችላል። ከጠሩት እዚያ ሄዶ መጫወት ነው፤ አልሄድም ካለ ወደ ትልቁ ሊግ የሚያስገባው ሌላ በር ጠባብ ነው።

ከመድረኩ ጀርባ ደግሞ የክለቦቹ መልማዮች ከስም ዝርዝራቸው ጋር ተፋጠዋል። በዝርዝሩ ላይ ያለ እያንዳንዱ ስም የራሱ ፋይል አለው፦ የሐኪም ሪፖርት፣ የሩጫ ሰዓት፣ የአሠልጣኞቹ ምስክርነት፣ ቤቱ ድረስ ሄደው ከወላጆቹ ጋር ያደረጉት ውይይት። ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ሜዳዎች ዳር ቆመው የጻፉት ማስታወሻም አለ። ይህ ሁሉ ሥራ ለአንድ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው፦ ይህን ልጅ ብንወስደው ምን ሊበላሽ ይችላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አነጋገሩ ግን ጎደሎ ነው። ስጋትን ሁሉ ከልጁ ገላና ጠባይ ውስጥ ይፈልጋል። የዚህ ምርጫ የ40 ዓመት ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ለአንድ ወጣት ከጉልበቱም ከሩጫ ሰዓቱም ይልቅ አደገኛ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የተጠራበት ተራ ቁጥር የሚያመጣው ችኮላ ነው።

ገንዘብ የማይገዛው ተጫዋች

ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተል አንባቢ የሚያውቀው ዓይነት የዝውውር ገበያ እዚህ የለም። የአውስትራሊያ ሕግ እግር ኳስ፣ ሰዉ በቁልምጫ “ፉቲ” የሚለው፣ በራሱ መንገድ ያደገ ጨዋታ ነው። የመጀመሪያ ደንቦቹ ሜልቦርን ውስጥ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ነው፤ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1863 ቀድሞ ማለት ነው። ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ናቸው። በየወገኑ 18 ሰው ይሰለፋል። ኳሱ በእግር ይመታል፣ በአንድ እጅ ተይዞ በሌላው በቡጢ ይመታል፣ ከሰው ትከሻ በላይ ተዘሎ በአየር ላይ ይቀለባል። በየጫፉ ከቆሙት አራት ምሰሶዎች በመካከለኞቹ በኩል በእግር ተመትቶ ከገባ 6 ነጥብ፣ በጎን ካለፈ 1 ነጥብ ያስገኛል። ጨዋታው የረጅም ርቀት ሯጭ ሳንባ፣ የአጭር ርቀት ሯጭ ጡንቻና ግጭት የሚችል አካል በአንድ ሰው ላይ ይፈልጋል። የ18 ዓመት ልጅ ሦስቱን አሟልቶ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ሊጉ ዛሬ 18 ክለቦች አሉት፤ ከእነዚህ 10ሩ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ናቸው። ሀብታሙ ክለብ ሁሉንም ጠቅልሎ እንዳይወስድ ሁለት ልጓሞች ተበጅተዋል። አንደኛው የደመወዝ ጣሪያ ነው። ሁለተኛው በ1986 የተጀመረው ድራፍት ነው፦ በውድድሩ መጨረሻ የወጣ ክለብ ከአዳዲሶቹ ወጣቶች የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ዋንጫውን የበላው ወደ ኋላ ይሰለፋል። ክለቦች ተጫዋችን በተጫዋች ወይም በምርጫ ተራ ይለዋወጣሉ እንጂ እንደ አውሮፓ የዝውውር ሂሳብ ከፍለው አይወስዱም። ስለዚህ የተሸነፈ ክለብ ተስፋው ሁሉ በአንድ ምሽት ላይ ይንጠለጠላል። ሊጉ ራሱ በ2015 ለየተራው የነጥብ ዋጋ ሲያወጣ፣ ለ1ኛው ተራ 3,000፣ ለ10ኛው ደግሞ 1,395 ሰጥቶ ነበር። ሠንጠረዡ ኋላ ቢከለስም የሚናገረው ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ የሚጠራው ልጅ አሥረኛ ከሚጠራው ከእጥፍ በላይ ያወጣል ተብሎ ታስቧል።

ይህ ዋጋ በልጁ ችሎታ ላይ ብቻ የተለጠፈ አይደለም። በክለቡ ውድቀት ላይም የተለጠፈ ነው። 1ኛ ሆኖ የተጠራ ወጣት የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተሸነፈ፣ ደጋፊው ወደ ተቆጣ፣ አሠልጣኙ ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ወደሚሰጋበት ቤት ነው። በሌላ ሙያ ምርጡ ተመራቂ ምርጡን መሥሪያ ቤት ይቀላቀላል፤ ድራፍት ግን ምርጡን ተመራቂ በጣም ወደተቸገረው መሥሪያ ቤት ይልካል። ለሊጉ ሚዛን ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ለልጁ ግን የመጀመሪያው ስጋት እዚህ ላይ ይጀምራል።

ሐኪሙ ያየው ጉልበት

መልማይን ከሁሉ በፊት የሚያስፈራው የሚታይ ጉዳት ነው። በጎልማሳ ተጫዋች ላይ የተሰበረ አጥንት ያለፈ ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ በልጅ ላይ ግን የመጪው ዘመን ምልክት ሆኖ ይነበባል። በ2006 የቤንዲጎው ልጅ ጆኤል ሴልዉድ በጉልበት ጉዳት ምክንያት የወጣትነት ዘመኑን የመጨረሻ ዓመት አብዛኛውን ሳይጫወት አሳለፈ። ችሎታውን የተጠራጠረ አልነበረም፤ ጉልበቱን የፈራ ግን ብዙ ነበር። ስድስት ክለቦች አለፉትና ጂሎንግ በ7ኛ ተራ ወሰደው። በቀጣዩ ዓመት የሊጉ ምርጥ ወጣት ተብሎ ተሸለመ፣ በዚያው ዓመትም ዋንጫ በላ። በ2022 ጫማውን ሲሰቅል 355 ጨዋታ ተጫውቶ፣ ክለቡን ለረጅም ዓመታት በአምበልነት መርቶ፣ አራተኛ ዋንጫውን አንሥቶ ነበር። በዚያው በ2006 ከእሱ ቀድሞ በ2ኛ ተራ የተጠራው ስኮት ጋምብልተን ግን በተደጋጋሚ ጉዳት የተነሣ ከ40 ያነሰ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ሊጉን ተሰናበተ።

ከዚህ ተነሥቶ የተጎዳ ልጅ ይሻላል ማለት ሞኝነት ይሆናል። ትምህርቱ ስለ ዋጋ ነው። የሚታይ ጉዳት ሁሉም ክለብ የሚያየው ስለሆነ የልጁን ተራ ዝቅ ያደርገዋል፤ ዝቅ ባለ ተራ የወሰደው ክለብ ደግሞ ለአደጋው ካሣውን አስቀድሞ ተቀብሏል። የማይታየው ጉዳት ግን ቅናሽ የለውም። ጆናተን ፓተን በ2011 1ኛ ሆኖ የተጠራው ገላው ለጎልማሶች ጨዋታ የበሰለ ነው ተብሎ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ሦስት ጊዜ በቀዶ ሕክምና ተጠግኗል። በ2014 ሴንት ኪልዳ በ1ኛ ተራ ፓዲ ማካርቲንን ሲመርጥ ልጁ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም እንዳለበት የታወቀ ነበር፤ ሰውም የተነጋገረው ስለዚያ ነው። የተጫዋችነት ዘመኑን ያቋረጠው ግን ስኳሩ አይደለም። ጭንቅላቱ ላይ ደጋግሞ የደረሰው ግጭትና የአንጎል መናወጥ ነው። ከዓመታት በኋላ በሲድኒ ማልያ ተመልሶ በ2022 የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ተሰለፈ፤ በቀጣዩ ዓመት በሌላ ግጭት ምክንያት ለዘለቄታው አቆመ። በዚያው ምሽት በ2ኛ ተራ የሜልቦርን ክለብ የወሰደው ክርስቲያን ፔትራካ የመጀመሪያ ዓመቱን በጉልበት ጅማት መበጠስ ሳይጫወት አሳልፎ፣ በ2021 የፍጻሜው ኮከብ ሆኗል።

> የሚታየው ጉዳት የልጁን ዋጋ ይቀንሳል። የማይታየው ግን ሙሉ ዋጋ ይከፈልበታል።

ሐኪሞች ድርሻቸውን በአግባቡ ይወጣሉ። የተበጠሰ ጅማት መጠገኑን፣ ትከሻ ከቦታው የመውጣት ልማድ እንዳለው፣ አጥንት በስሱ መሰንጠቁን ለይተው ይናገራሉ። መናገር የማይችሉት ገና ያልደረሰውን ነው። ስህተቱ የሚገባው ክለቡ የሐኪሙን ወረቀት እንደ ሙሉ የስጋት መዝገብ ሲቆጥረው ነው። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው፣ ከአጠቃላዩ ስጋት ለዓይን የተጋለጠው ክፍል ብቻ ነው።

ሰዓትና ሜትር

ቀጥሎ የሚመጣው መለኪያ ነው። ከድራፍቱ በፊት ምርጦቹ ልጆች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ይፈተናሉ፦ 20 ሜትር በስንት ሰከንድ ይሮጣል፣ ቆሞ ስንት ይዘላል፣ 2 ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ ይጨርሳል። ቁመት፣ ክብደትና የክንድ ርዝመት ይመዘገባል። ቁጥር ልብ ያሳርፋል፤ በስብሰባ ላይም አያሳፍርም። ፈጣኑን ልጅ መርጦ የተሳሳተ መልማይ “ቁጥሩ ይኸው” ብሎ ይከላከላል፤ ቀርፋፋውን መርጦ የተሳሳተ ግን መሸሸጊያ የለውም። በዚህ የተነሣ መለኪያው ልጁን ብቻ ሳይሆን መልማዩንም የሚጠብቅ ጋሻ ይሆናል።

የ2001 ድራፍት እስካሁን የሚጠቀሰው በዚህ ምክንያት ነው። ፍሪማንትል 1ኛውን፣ 20ኛውንና 36ኛውን ተራ ለሆቶርን ሰጥቶ ሁለት ተጫዋቾችን ወሰደ። ሆቶርን በ1ኛው ሉክ ሆጅን መረጠ፤ እሱም ከክለቡ ጋር አራት ዋንጫ በላ። ዓይን ያልሳበው ግን 36ኛው ተራ ነበር። ሆቶርን በዚያ የወሰደው ሳም ሚቸል ፍጥነት ያንሰዋል የሚባል ልጅ ነበር። ሚቸል በ2008 ክለቡን በአምበልነት ለዋንጫ አበቃ፤ የ2012 የብራውንሎ ሜዳሊያም፣ የሊጉ ከፍተኛው የግል ክብር፣ በኋላ ተሰጠው። በዚያው ምሽት ዴን ስዋን በ58ኛ ተራ ተጠራ፤ እሱም በ2011 ብራውንሎ አሸነፈ። 20 ሜትር የሚለካው ሰዓት ሚቸል ኳሱ ወዴት እንደሚወድቅ ከሌላው ቀድሞ ማወቁን አልለካም። ፍጥነት ያንሳል የተባለው ልጅ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርስ ነበር።

መለኪያውን የሚያዛባ ሌላም ነገር አለ፤ እሱም የልደት ቀን ነው። አንድ ልጅ ለድራፍት የሚበቃው በዚያ ዓመት እስከ ታኅሣሥ 31 (በአውሮፓ አቆጣጠር) 18 ሲሞላው ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የተወለደና በዓመቱ መጨረሻ የተወለደ ልጅ ጎን ለጎን ይሮጣሉ፤ በመካከላቸው ግን የአንድ ዓመት ያህል እድገት አለ። በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት ማለት ብዙ ኪሎ ጡንቻ ነው። ረጃጅሞቹ ደግሞ ከሁሉም ዘግይተው ይበስላሉ። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ የሚለካው ልጁ ዛሬ የደረሰበት ነው፤ ክለቡ የሚገዛው ግን ልጁ በ24 ዓመቱ የሚሆነውን ነው።

ይህ የአውስትራሊያ ችግር ብቻ አይደለም። ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ምሁራን የአሜሪካን ፉትቦል ድራፍት አጥንተው ክለቦች ለመጀመሪያዎቹ ተራዎች ከሚገባው በላይ እንደሚከፍሉ አሳይተዋል። በአንድ ቦታ ከሚጫወቱ ሁለት ልጆች ቀድሞ የተጠራው ተከትሎት ከተጠራው የመሻል ዕድሉ ከመቶ 52 ገደማ ብቻ ነበር፤ ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይርቅም። መልማዮች ሥራቸውን አያውቁም ማለት አይደለም። በአማካይ ቀድሞ የተጠራ ረዘም ላለ ጊዜ ይጫወታል። ልዩነቱ ግን የተከፈለው ዋጋ የሚናገረውን ያህል ሰፊ አይደለም፤ ይህ ክፍተት ነው ችኮላን የሚወልደው።

ቁጥሩ ያመጣው ችኮላ

በ2008 ሜልቦርን ጃክ ዋትስን በ1ኛ ተራ ወሰደ። ክለቡ ደካማ፣ ደጋፊው ተስፋ የተጠማ ነበር። ልጁ ገና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ በ2009 የንግሥቲቱ ልደት በሚከበርበት የዕረፍት ቀን፣ በታላቁ ሜልቦርን ክሪኬት ሜዳ፣ ከኮሊንግዉድ ጋር በተደረገው ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። ከጅምሩ ጎልማሶቹ ተረባረቡበት። ያ ምስል ለዓመታት አብሮት ኖረ። ዋትስ ከዚያ በኋላ ከ150 በላይ ጨዋታ ተጫውቷል፤ ለሌላ ልጅ ይህ የሚያኮራ ሥራ ነበር። ለእሱ ግን በየሳምንቱ ከቁጥሩ ጋር እየተመዘነ “ያልሆነለት” ተባለ።

በቀጣዩ ዓመት ያው ክለብ 1ኛውንም 2ኛውንም ተራ አገኘ። ቶም ስከሊንና ጃክ ትሬንጎቭን ወሰደ። ስከሊ ከሁለት የውድድር ዘመን በኋላ አዲስ ወደተመሠረተው ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ ሄደ። ትሬንጎቭ በ20 ዓመቱ በጋራ አምበልነት ተሾመ፤ በሊጉ ታሪክ እንደዚያ ለጋ አምበል ታይቶ አይታወቅም ነበር። ከዚያ የእግር ጉዳት ያዘውና ዘመኑ ተቆራረጠ። ክለቡ በዚያው ምሽት በ34ኛ ተራ አንድ ቁመተ ረጅም ልጅ ጠርቶ ነበር፤ ማክስ ጎን ይባላል። ከእሱ ቶሎ ውጤት የጠበቀ ሰው አልነበረም። ሙሉ አቅሙ እስኪወጣ ዓመታት ወሰደ። በ2021 ሜልቦርን ከ57 ዓመት ጥበቃ በኋላ ዋንጫ ሲያነሣ አምበሉ ጎን ነበር። ያው ምሽት፣ ያው ክለብ፣ ያው አሠልጣኞች፤ ልዩነቱ ማን ጊዜ አገኘ የሚለው ነው።

> በ34ኛ ተራ የተጠራው ልጅ ያገኘው ትልቁ ስጦታ ማንም አለመጠበቁ ነበር።

የቶም ቦይድ ታሪክ ከዚህ የከበደ ነው። በ2013 1ኛ ሆኖ ተጠራ፤ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ በረጅምና ውድ ውል ወደ ዌስተርን ቡልዶግስ ተዛወረ። በ2016 የፍጻሜ ጨዋታ ሦስት ጎል አግብቶ ክለቡ ከ1954 ወዲህ ያላገኘውን ዋንጫ እንዲያገኝ ረዳ። በሜዳ መለኪያ ዕዳው ተከፍሏል። በ2019 ግን ገና በ23 ዓመቱ ጨዋታውን ተወ፤ ስለ ጭንቀትና ስለ ድብርት ሕመሙም በግልጽ ተናግሯል። የትኛውም የሩጫ ሰዓት ይህን አስቀድሞ ሊያሳይ አይችልም ነበር፤ በአንድ ልጅ ስም ላይ የተጫነው ዋጋ ስንት እንደሚመዝን ግን ማንም ሊገምት ይችል ነበር። ካያያዝ ይቀደዳል የሚለው አባባል ለድራፍት የተነገረ ይመስላል።

“ይህማ ወደ ኋላ ዞሮ ማወቅ ነው”

በዚህ ክርክር ላይ ጠንካራ ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁሉም መልስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የመልማዮች ነው፦ ሚቸልን፣ ስዋንንና ጎንን መጥቀስ ቀላል ነው፤ ከ30ኛው ተራ በኋላ ተጠርተው ጥቂት ጨዋታ ሳይጫወቱ የተሰናበቱትን ማን ያስታውሳቸዋል? ተቃውሞው እውነት ነው። በዝቅተኛ ተራ የተጠራ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በአጭር ውል ይመጣል፤ ካላማረ ይሸኛል። 1ኛ የተጠራው ግን ቢወድቅም ደጋግሞ ዕድል ይሰጠዋል። ስለዚህ ዝቅተኛ ተራ በራሱ በረከት አይደለም። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ጊዜ መኖሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የውል ጊዜ አለ፤ ይህን በብዛት የሚያገኙት ከላይ የተጠሩት ናቸው። ከዓይን የመሰወር ጊዜም አለ፤ ይህን የሚያገኙት ከታች የተጠሩት ናቸው። ልጅ ለመብሰል ሁለቱም ያስፈልጉታል። ብልህ ክለብ ማለት ለላይኛው ልጅ መሰወሪያውን፣ ለታችኛው ልጅ ውሉን የሚጨምር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአሠልጣኞች ነው፦ ትዕግሥት ሥራው ለተረጋገጠለት ሰው የሚመች ቃል ነው፤ በሚቀጥለው ሰኔ ሊባረር የሚችል አሠልጣኝ ልጁ 22 እስኪሞላው አይጠብቅም። ይህም እውነት ነው፤ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ልጁን ያለ ዕድሜው ሜዳ ያስገባው የአሠልጣኙ የውል ዘመን ከሆነ ስጋቱ ከልጁ ሳይሆን ከክለቡ አስተዳደር የመጣ ነው። ያ ስጋት ደግሞ ድራፍቱ ከመድረሱ በፊት ሊታወቅ፣ ሊለካና ሊታረም የሚችል ነው። ክለቦች በልጁ ጉልበት ላይ የሚያጠፉትን ምርመራ ግማሹን በራሳቸው ላይ ቢያጠፉት ብዙ ይማሩ ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የጠነከረው ነው፦ ደካማ ክለብ ልጅ ያበላሻል ከተባለ፣ ድራፍት ሁልጊዜ ለደካማ ክለብ ስለሚሰጥ ሁሉም ልጅ መበላሸት ነበረበት፤ ግን አልሆነም። ሆቶርን በ2004 ደካማ ነበር። በዚያው ድራፍት በ2ኛ ተራ ጃሪድ ራውሄድን፣ በ5ኛ ላንስ ፍራንክሊንን፣ በ7ኛ ጆርዳን ሉዊስን ወስዶ፣ በአዲሱ አሠልጣኝ በአላስተር ክላርክሰን እጅ በአራት ዓመት ውስጥ ዋንጫ በላ። ጎልድ ኮስትም በ2019 1ኛ አድርጎ የጠራው ማት ራውል በመጀመሪያ ዓመቱ ትከሻው፣ በሁለተኛው ጉልበቱ ተጎዳ፤ ክለቡ ያኔ አንድም ጊዜ ለፍጻሜው ማጣሪያ ደርሶ አያውቅም። ራውል ግን በ2025 ብራውንሎ አሸነፈ፤ ክለቡም በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜው ማጣሪያ በቃ። እነዚህ ምሳሌዎች የሚያስተምሩት ድክመትና ችኮላ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ሆቶርን ልጆቹ አንድ ላይ እንዲያድጉ ሦስቱን በአንድ ጊዜ አስገባ፤ ሸክሙ በአንዱ ትከሻ ላይ አልወደቀም። የሰንጠረዡ ግርጌ ልጅ አያበላሽም፤ ከግርጌው በአንድ ልጅ ጀርባ ታዝሎ ለመውጣት መሞከር ግን ያበላሻል።

ዘግይተው የጀመሩት

ከሜልቦርን መሀል ከተማ በስተ ምዕራብ ባለችው ፉትስክሬይ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች ተደርድረዋል፤ የዌስተርን ቡልዶግስ ታሪካዊ ሜዳም በዚያው ሠፈር ነው። ሊጉ ከ2016 ጀምሮ ከአገሬው ተወላጆችና ከአፍሪካና ከእስያ ከመጡ ቤተሰቦች የተወለዱ ልጆችን ክለቦች የሚያሠለጥኑበት አካዳሚ አቋቁሟል። ስለ ስጋት ያልነው ሁሉ በእነዚህ ልጆች ላይ ጎልቶ ይታያል። አባቱ ፉቲ ያልተጫወተ፣ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ሞላላውን ኳስ ያልመታ ልጅ፣ በ18 ዓመቱ ሲመዘን “ያልበሰለ” ይባላል። ያልበሰለው ግን የመጨረሻ አቅሙ ስላነሰ አይደለም፤ ዘግይቶ ስለጀመረ ነው።

በኬንያ ካኩማ የስደተኞች መጠለያ የተወለደውን አሊር አሊርን በ2013 በ44ኛ ተራ ሲድኒ ወሰደው፤ በ2021 በፖርት አደሌድ ማልያ የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገባ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከደቡብ ሱዳን ቤተሰብ የተወለደው ቻንግኩዎት ጂያት ከቪክቶሪያ ገጠር ወደ ሆቶርን የደረሰው በዋናው ድራፍት መድረክ በኩል ሳይሆን በአካዳሚው በር ነው። ካይሮ ተወልዶ በሜልቦርን ያደገው ማክ አንድሩ ደግሞ በ2021 በ5ኛ ተራ ጎልድ ኮስት ሲጠራ፣ ክለቦች ዘግይቶ የጀመረን ልጅ ዋጋ ማየት መጀመራቸውን አመለከተ። በቀደመው ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ አደገኛ ምርጫ ይባል ነበር። በትክክል ከታሰበ ግን ዛሬ ያለው ክፍተት በሥልጠና የሚሞላ ስለሆነ፣ ጊዜ ላለው ክለብ ከብዙ “አስተማማኝ” ልጆች የተሻለ ውል ነው። ጊዜ ለሌለው ክለብ ግን ያው ልጅ በእርግጥ አደገኛ ነው። ስጋቱ የተለወጠው ልጁ ተለውጦ አይደለም።

ሁለት ሚዛን

እስካሁን ስጋቱን የመዘንነው በክለቡ ሚዛን ነው። ሁለተኛ ሚዛንም አለ። ክለብ እንደ ብዙ ማሳ ገበሬ ነው፤ አንዱ ማሳ ቢደርቅ ሌላው ያበላዋል፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና ይዘራል። ልጁ ግን አንድ ማሳ ብቻ አለው። አንድ ጉልበት፣ አንድ ጭንቅላት፣ በ18 እና በ23 ዓመት መካከል ያለ አንድ ጊዜ። ከ2021 ጀምሮ አንጎሉ የተናወጠ ተጫዋች ቢያንስ 12 ቀን ሳይሞላው እንዳይመለስ መደንገጉ ሊጉ ራሱ ይህን ልዩነት እንደተረዳ ያሳያል። ከቤት መራቅም እንዲሁ ነው። በ2021 በኖርዝ ሜልቦርን 1ኛ ሆኖ የተጠራው የደቡብ አውስትራሊያው ጄሰን ሆርን ፍራንሲስ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ክፍለ ግዛቱ፣ ወደ ፖርት አደሌድ ተመለሰ። ያኔ ብዙ ሰው ልጁን ወቀሰ። ከተማውን ራሱ ያልመረጠ የ18 ዓመት ልጅ ወደ ቤቱ መመለስ ቢፈልግ ግን የሚያስገርመው ምኑ ነው?

በልጁ ላይ ስጋት የለም ማለት አይደለም። ጠባዩ የከፋ፣ ልምምድ የሚጠላ፣ ምክር የማይሰማ ልጅ አለ፤ መልማይ እንዲህ ያለውን ቢተወው ልክ ነው። ጉልበት ሁለትና ሦስት ጊዜ የተበጠሰበትን ልጅ በ3ኛ ተራ መውሰድም ድፍረት ሳይሆን ግድ የለሽነት ነው። ግን ስጋቶችን በሚታዩና በማይታዩ ከመክፈል ይልቅ፣ ክለቡ ሊጠግናቸው በሚችላቸውና በማይችላቸው መክፈል የተሻለ ውሳኔ ያስገኛል። የናፍቆት መድኃኒቱ አስተናጋጅ ቤተሰብና የጉዞ ትኬት ነው፤ የሰውነት መቅጠን ሁለት ክረምት የክብደት ሥራ ይፈልጋል፤ ዘግይቶ መጀመር አሠልጣኝና ጊዜ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ በክለቡ እጅ ናቸው። በክለቡ እጅ ያለ ስጋት የልጁን ዋጋ ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ፣ ያ ስጋት ለሚችል ክለብ ዕድል ነው።

ስለዚህ በኅዳሩ ምሽት ከመድረኩ ጀርባ ያለው ክፍል “ይህ ልጅ ምን ይጎድለዋል?” ብሎ ከመጠየቁ በፊት “እኛ ለዚህ ልጅ ስንት ዓመት አለን?” ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል። አሠልጣኙ በሦስተኛው ዓመት እዚህ ይኖራል? ልጁ በመጀመሪያው ክረምት ባይሰለፍ ቦርዱ ይታገሣል? ሸክሙን የሚካፈሉት ሌሎች ወጣቶች አሉ? የሦስቱም መልስ አሉታ ከሆነ፣ ለክለቡ የቀረው አማራጭ ቀላል ነው፦ ውዱን ተራ ለሚችል ክለብ ለውጦ በምትኩ የበሰለ ተጫዋች ይውሰድ። ደጋፊው ያንን ምሽት ያኮርፍ ይሆናል፤ በችኮላ የተቃጠለ ልጅ ግን ኩርፊያው በአንድ ምሽት አያልቅም።